መፈክር እንዲነበብ የተላጨው ተራራ

ለተከበሩ ጓድ ታረቀኝ፣ በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ የተራራ ልማት ሥራ አስተባባሪ

ጓድ ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ በቢሮዎ በር ላይ ተለጥፎ ሲያገኙት ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም ከጎርፍ ድምፅ የራቀ ይሁን እያልሁ፣ እኔ የዶዘር ኦፕሬተሩ ሀምዱ ኑርዬ ከዳገቱ ግርጌ ሆኜ ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ። እኔስ ደህና አይደለሁም፤ ሰኔ እየደረሰ ነውና ደመና ባየሁ ቁጥር ተረጋግቶ መቀመጥ አቅቶኛል።

አንደኛ፣ ምስጋና ይድረስዎና፣ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ሕዝቡ ከብቱን ከልክሎ፣ አንጀቱን አስሮ እንደገና ያበቀለውን ክትክታና ወይራ፣ «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» የሚለው በድንጋይ ድርድር የተጻፈ መፈክር ከወልድያ መንገድ በግልጽ እንዲነበብ ሲሉ በእኔው ዶዘር አስላጭተውታል። ቁጥቋጦ ፊደል እንደሚጋርድ ያስተዋለ ዐይንዎን አላህ ይጠብቅልን።

ሁለተኛ፣ ጎርፍ ለሚያግደው ክትር ማሰሪያ የጠየቅነው ሽቦ ከዓምና ጀምሮ መንገድ ላይ ነው ሲባል፣ ለፊደሎቹ መቀቢያ ያዘዙት ኖራ ግን በማግስቱ ደረሰ፤ ለቅልጥፍናዎ እናመሰግናለን።

ሦስተኛው ቀልድ አይችልም። የተላጨው ዳገት ውሃውን የሚያወርደው ወይዘሮ ዙሌይካ ቤት አጠገብ ወዳለው ቦረቦር ነው። ቦረቦሩ ዓምና የበቆሎ ማሳዋን በልቶ፣ አሁን ደግሞ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከጓሮዋ ጥግ የቀበረቻቸው ልጆቿ መቃብር አፋፍ ላይ ቆሟል። ማሽኑን ይዤ ወርጄ ውሃውን አቅጣጫ እንዳስቀይር ፈቃድ ብለምንዎ፣ ቦታው ከመንገድ እንደማይታይ፣ ከላይ የሚላኩት ጎብኚ እንግዶች እስኪመጡም ዶዘሩ ታጥቦ ከመፈክሩ ሥር መቆም እንዳለበት በትዕግሥት አስረዱኝ። እኔም ናፍጣ የሞላ ማሽን ሳጥብ ሰነበትሁ።

ባለፈው ሐሙስ መንደሩ ወዳጃ ተቀመጠ። ሰው ተሰብስቦ በዱዓ ዝናብ መለመን በዚህ አገር የኖረ ነው፤ የዘንድሮው ዱዓ ግን ዝናቡ እንዲዘገይ ነበር። በዝናብ እጦት ልጆቿን የቀበረች ሴት እጇን ዘርግታ «ያረቢ፣ ትንሽ አቆየው» ስትል ሰምቼ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ፤ እሷ ግን መልሳ እኔኑ «አብሽር፣ ዝናቡን ቀድመህ ትደርሳለህ» አለችኝ። ጓድ ሆይ፣ የወሎን ገበሬ ዝናብ ይቅርብኝ ያሰኘ ሹም ከእርስዎ በፊት አላየንም።

ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ፈቃድዎን ለመጨረሻ ጊዜ እጠይቃለሁ፤ ከጎርፉ በኋላ የሚጻፍ ፈቃድ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለጫማዎ ጭቃ የሌለበት መንገድ የምመኝ፣ የታጠበው ዶዘር ጠባቂ፣
ሀምዱ ኑርዬ
ግንቦት መጨረሻ ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ከፊርማ በኋላ የታሰበ፦ ደመናው ፈቃድዎን ስላልጠበቀ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ዶዘሩን ወደ ቦረቦሩ አውርጄዋለሁ። ሽቦ የለንምና ክትሩን በድንጋይ ብቻ እንሠራዋለን፤ ድንጋዩንም እስላሙም ክርስቲያኑም ከዳገቱ በትከሻው እያወረደልን ነው። እንግዶችዎ መፈክሩ የት ሄደ ብለው ቢጠይቁ፣ ከወይዘሮ ዙሌይካ ጓሮ በታች ተደርድሮ ሥራ መጀመሩን ይንገሩልኝ። ኖራው አልለቀቀም፤ ከመንገድ ግን አይታይም።