የመዶሻ ምልክቷ የጠፋባት ቀይ መኪና

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ታላቅ ወንድሜ ለሎሪስ፤ ሮዛሪዮ፣ አርጀንቲና።

እንደምን ከርመሃል? ያ የወገብህ ነገር እንዴት ሆነ? አሁንም አውቶቡስ ሥር በጀርባህ ተንጋለህ ነው የምትሠራው ወይስ አለቃህ ማንሻውን ገዛልህ? ግራሲዬላስ ደህና ናት? ልጆቹስ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ጭጋጉ ከገባ ሁለት ሳምንት ሆነው እንጂ። ግቢው በር ላይ ቆመህ የጎረቤታችንን የኢያደርን ቤት አታየውም፣ ሳሉን ግን ትሰማዋለህ። አባባ ሰማንያ ስምንት ዓመት ደፈነ። ዓይኑ ሰውን ከኮት መስቀያ አይለይም፤ ምላሱ ግን እንደምታውቀው ነው፣ እሱ አላረጀም።

ይህን የምጽፍልህ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ሰሞኑን ሦስት ጊዜ ደውዬልህ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብና ስለ ኳስ አውርቼ ዘጋሁ። የምነግርህ ነገር ከአፌ አልወጣ ቢለኝ በእጄ ልሞክረው ብዬ ነው። አሁንም ከተቀመጥኩ አራት ጊዜ ተነስቻለሁ፤ አንዴ ምድጃውን ለማየት፣ አንዴ ውሻውን ለማስገባት፣ ሁለቱን ጊዜ ግን ለምን እንደተነሳሁ እኔም አላውቅም።

ነገሩ የመኪናዋ ነው። ባለቤቱ ቫንደሊ የመኪና ፋብሪካውን ሲዘጋ ለአባባ በደመወዙ ምትክ የሰጠውና እማማ «እንግዲህ ይሄን ቀይ ቆርቆሮ ቀቅዬ ላብላችሁ?» ብላ ያለቀሰችበት መኪና፣ ዛሬ ሰው ከሚላን ድረስ መጥቶ ባርኔጣውን አውልቆ የሚያየው ሆኗል። አንተ በሄድክ በዓመቱ ያ ጀርመናዊ በስልሳ ሺህ ዩሮ ልግዛት ሲለን አባባ ውሳኔውን ለእኔ ተወው። እኔም «ትንሽ ታገስ፣ ዋጋዋ እየጨመረ ነው፤ ስንሸጣት ጠቅልለህ ትመጣለህ፣ የአባባን ጋራዥ አብረን እንደገና እንከፍታለን» ብዬ ጻፍኩልህ። መቶ አርባ ሺህ ገባች፤ ታገስ አልኩህ። ሦስት መቶ ሆነች፤ አሁንም ታገስ አልኩህ። ዘንድሮ በፀደይ ደግሞ ፋብሪካው ከሠራቸው ዘጠኝ እህቶቿ አንዷ አሜሪካ ውስጥ ጨረታ ላይ በሰባት መቶ ሺህ ተሸጠች።

ከዚያ ወዲህ ሰላም አጣሁ። ሾርባ እያማሰልኩ ስልኬ ላይ የጨረታ ዋጋ አያለሁ፤ ሁለት ጊዜ አሳርሬዋለሁ። ሚስቴ ዴአና «መኪናዋን አግብተሃት ቢሆን ይሻልህ ነበር» ትለኛለች። ልሸጣት ስነሳ ነገ ስምንት መቶ ብትገባስ እላለሁ፤ ላቆያት ስል ደግሞ ገበያው ቢወድቅስ ብዬ ስልኬን እንደገና አወጣለሁ። ቡና ቤት ካርታ ስንጫወት ኢያደር «ኤርሜስ፣ ጋጣ ያለችው ላምህ ዛሬ ስንት ወለደች?» ይለኛል። የቀሩት ደግሞ «ተወው እባክህ፣ የሱ ላም ሰማይ ላይ ናት፤ ወተቷን ማን አየው!» እያሉ ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን አደርጋለሁ?

ሳቁ ያልፋል፤ የማያልፈው ሌላ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት እማማ ስታርፍ ለቀብር ልምጣ ብለህ ስትደውል «ቲኬቱ ውድ ነው፣ መኪናዋን ለፋሲካ እንሸጣታለን፣ ሁለት ጊዜ ከምትመላለስ ያኔ ጠቅልለህ ና» ያልኩህ እኔ ነኝ። ፋሲካ ሲደርስ ዋጋዋ ጨምሮ ነበር፤ አልሸጥኳትም። አንተ አንድ ቀን እንኳ አልወቀስከኝም፤ እኔ ግን መቃብሯ ላይ አበባ ባስቀመጥኩ ቁጥር ያቺ የስልክ ንግግር ትመጣብኛለች።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ባለፈው ወር ኦርኔላ ብሪቪዮ የምትባል ዋጋ ገማች መኪናዋን ልታይ ከሚላን እንድትመጣ ቀጠሮ ያዝን። አባባ የዚያችን መኪና አካል የቀጠቀጠው ለቶሪኖ ኤግዚቢሽን ሲጣደፍ በሦስት ቀን እንደሆነ ታውቃለህ። ከውጭ እንቁላል ናት፤ ከውስጥ ግን ኮፈኗና ሁለቱ ፓራፋንጎዎቿ የመዶሻ ጠባሳ በጠባሳ ነበሩ። እኛን ልጆቹን ደግሞ እንዴት አድርጎ እንዳሳደገን አትረሳም። ከላሜራው ጀርባ አንዲት ጎድጓዳ በጣቱ ካገኘ «ይሄ ምንድን ነው፣ የዶሮ ውኃ ማጠጫ?» ብሎ እንደ አዲስ ያስጀምረን ነበር። በእሱ ጋራዥ የባትላሜራ ክብሩ ማንም በማያየው በኩል ነበር። ያቺን የጥድፊያ ሥራውን ሰው ሲከፍታት ሁልጊዜ አንገቱን ይደፋ ነበር።

እኔ ሞኙ ታዲያ የሚላን ሰው መጥታ የአባቴን ነውር ከምታይ ብዬ፣ በስስ ሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ለአሥራ አንድ ቀን ከውስጥ በኩል አንድ በአንድ አጠፋሁት። ያውም የውጭ ቀለሙን ሳልነካ። እንዲህ ያለ ሥራ በዕድሜዬ ሠርቼ አላውቅም፤ ስጨርስ ራሴው ደጋግሜ ዳሰስኩት። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለው ለካ ለእኔ ነው።

ኦርኔላ መጣች። ኮፈኑን ከፍታ በባትሪ አየች፤ ከቦርሳዋ የፋብሪካውን የድሮ ፎቶዎች አውጥታ ደግማ አየች። ከዚያ ዞር ብላ «የት ሄደ?» አለችኝ። ምኑ ብላት «የመዶሻው ምልክት ነዋ! እነዚህ መኪኖች የሚታወቁት በሱ ነው። የቀጥቃጩ እጅ እንደ ጣት አሻራ ነው፤ ገዢ የሚከፍለው እሱን ሊያይ ነው። አሁን ይቺ የአባትዎ የሌያርኮ ሥራ ትሁን አምና የተቀጠቀጠች ቅጂ፣ በምን ልመስክር?» አለች። የሻንሲ ቁጥሯ እውነተኛነቷን ያሳያል፣ የአካሏ ዋጋ ግን በሞረድ ሄዷል ብላ እቅጩን ነገረችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባባ ወንበር ላይ ሆኖ ሁሉንም ይሰማ ነበር። ተነስቶ በዳሰሳ መጣና እጁን ከፓራፋንጎው ሥር አስገብቶ ከዳር እስከ ዳር ቀስ አድርጎ አስኬደው። «ማነው የሠራው?» አለ። ስድቡን እየጠበቅሁ እኔ ነኝ አልኩት። «አንዲት እንኳ አላመለጠችህም» አለ። ኦርኔላ ተናዳ «አባቴ፣ ይሄ ጥሩ ሥራ እኮ አራት መቶ ሺህ ዩሮ አሳጣዎት!» ብትለው «ምን ላድርግሽ ልጄ፣ ጥሩ ሥራ ድሮም ርካሽ አልነበረም» አላት።

ሎሪስ፣ ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ ያቺን ቃል ከአፉ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ይኸው ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ደስታና እፍረት ባንዴ ያዙኝና ጓሮ ወጥቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

በማግሥቱ ኦርኔላ ደውላ አንድ የቤልጂግ ሰው መኪናዋን እንዳለች በሦስት መቶ ሺህ እንደሚወስዳት ነገረችኝ። ኢያደር ይህን ሲሰማ «አብደሃል? ሁለት ዓመት ዝም ብለህ አቆያት፤ ገበያው እንዲህ እየወጣ ያጣኸውን ይመልስልሃል» አለኝ። አልዋሽህም፣ ልቤ ሸፍቶ ነበር፤ ስልኬን አውጥቼ ማስላት ሁሉ ጀምሬ ነበር። ከዚያ አባባ ወደ መኝታ ቤቱ ደረጃውን ሲወጣ ሁለት ጊዜ ቆሞ ሲያርፍ ሰማሁት። አምና አንዴ ነበር የሚያርፈው። ሐሙስ ዕለት ሳልጠይቅህ ፈረምኩ።

ብትቆጣ እውነት አለህ። ግን የምትቆጣው በጠፋው አራት መቶ ሺህ እንዳይሆን። ያኔ ጀርመናዊው እከፍላለሁ ያለን ስልሳ ሺህ ለጋራዡም ለመምጫህም ይበቃ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አላውቅም እያልኩ አውቀው ነበር። እማማን እንዳትሸኛት ያደረግኩህ እኔ ነኝና ይቅር በለኝ። የቤልጂጉ ሰው የጭነት መኪና ዲሴምበር 13 ይመጣል፤ አንተ ከዚያ በፊት ድረስ። የቲኬቱን ገንዘብ ነገ እልክልሃለሁ፤ ዋጋው ይቀንስ ይሆናል ብለህ ደግሞ አንተም እንዳትጠብቅ።

ግራሲዬላን ጉንጯን ሳምልኝ። ትልቁን ልጅህን ናሁኤልን፣ በፎቶ ብቻ የማውቃትን ትንሿን ሚላግሮስን አጎታችሁ ናፍቋችኋል በልልኝ። ዴአና ሰላም ብላሃለች፤ ያንተን ክፍል ቀለም ማስቀባት ጀምራለች። ኢያደርም ከነሳሉ ሰላም ይልሃል። አባባ ግን ሰላምታ አልልክም ብሏል። መኪናዋ የቆመችበትን መጋዘን በር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከቷል፤ «ሎሪስ እዚህ ካልቆመ ለማንም አልከፍትም፤ ሰላምታዬን እጁን ይዤ እሰጠዋለሁ» ይላል። ዛሬ ጠዋት ሱሪ ሲቀይር ቁልፉን ካንዱ ኪስ ወደ ሌላው ሲያዛውር አይቼዋለሁ።

ወንድምህ ኤርሜስ
ኖናንቶላ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2014