ሰላምታ ያደነደነው ላሜራ

ለተከበሩት የሰፈራችን እድር ሊቀመንበር፣ ለጋሽ ዋቅጋሪ
ቁስቋም

እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ በየጠዋቱ ሳያጓድሉ የሚጠይቁኝን ያህል እኔም ልጠይቅዎ ስለሚገባኝ፣ የእርስዎን ጤና፣ የጉልበትዎን ሁኔታ፣ የመላ ቤተሰብዎን ደኅንነት፣ በቅርቡ የወለደችውን ላምዎንና የጥጃዋን ውሎ አዳር ጭምር በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ናት፤ ትናንትም ደህና ነበረች።

ይህን ደብዳቤ አባላት ሁሉ እንዲያነቡት በእድራችን ቤት በር ላይ የለጠፍኩት ክብርዎን ለመንካት አስቤ አይደለም። ፊት ለፊት ልነግርዎ በሞከርኩ ቁጥር እናትሽ እንደምን አደሩ ስለሚሉኝና ያንን መልሼ ስጨርስ እርስዎ መንገድ ስለሚጀምሩ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አባል በአጭሩ ላስረዳ። ከእድራችን ቤት ጓሮ፣ ለቅሶ በደረሰ ቁጥር ድስት በሚታጠብበት ቦታ፣ የውኃ መውረጃ ቦይ አለ። ክዳኑ ከእንጦጦ የወረደ የባሕር ዛፍ ጣውላ ነበር። ከሰው መርጦ ለሹመት፣ ከእንጨት መርጦ ለታቦት ይባላል፤ ለቦያችን ግን እንጨት የመረጠለት ሰው ስላልነበረ ጣውላው በስብሶ ባለፈው ክረምት ወይዘሮ ዓለሜን ከነድስታቸው ዋጣቸው። እግራቸው ተሰብሮ እስከ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ በእርስዎ የሚመራው ኮሚቴ ስቴንለስ የሚባለውን የማይዝግ ወፍራም ላሜራ ገዝቶ፣ ውኃ እንዲያሳልፍ ከዳር እስከ ዳር በእኩል ርቀት እንድበሳው ለእኔ ለብረት ሠራተኛዋ ሰጠኝ። ስለጣላችሁብኝ እምነት አመሰግናለሁ። ሌሎቹን ምስጋናዎቼን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሰላምታዎ። ተራ ብረት ይቅር ባይ ነው፤ ጀምረው ቢተዉት ተመልሰው ይበሱታል። ይህኛው ቂመኛ ነው። የመብሻ ማሽኑ የትራፓኖው ፑንታ፣ ማለትም የሚዞረው መብሻ ብረት፣ አንዴ መቁረጥ ከጀመረ፣ ዘይት እያጠጡ፣ እጀታውን ሳያላሉ ተጭነው፣ በወዲያኛው በኩል እስኪወጣ መግፋት ብቻ ነው። እጅ ከላላ ፑንታው መቁረጡን ትቶ ብረቱን ማሸት ይጀምራል፣ የታሸው ቦታም ስለሚደነድን ከዚያ ወዲያ ፑንታ ይበላል እንጂ አይበሳም። እርስዎ ደግሞ የሥራ ቤቴ በር ላይ የሚደርሱት ሁልጊዜ ቀዳዳው መሃል ላይ ስደርስ ነው። ተቀምጬ ልመልስ እንዳልል፣ አንድ ጊዜ ሞክሬው የነገራ ልጅ ሽማግሌን ተቀምጣ ሰላም የምትል ሆናለች ብለው ለሰፈሩ ሁሉ ነግረውልኛል። የትራፓኖው ማጥፊያ ከኋላዬ ያለው ግድግዳ ላይ ስለሆነ ልደርስበት ብል ለእርስዎ ጀርባዬን መስጠት ሊሆንብኝ ነው። ስለዚህ እጀታውን ለቅቄ እነሣለሁ፤ እጄ ዘይት ስለሆነ አንጓዬን እዘረጋለሁ፤ እርስዎም አንጓዬን እንደያዙ እናቴን፣ አጎቴን፣ የአጎቴን ባለቤት በየተራ ይጠይቃሉ። እጀታውን ወደ ላይ የሚመልሰው ሞላ ከተሰበረ ስለቆየ፣ ፑንታው እዚያው ቀዳዳው ውስጥ እየዞረ ብረቱን ሲያሽ ይቆያል። ሰላምታዎ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ዛሬ ከረድፉ መካከል ሳይበሳ ቀርቶ እያብረቀረቀ ይታያል። በመጨረሻም ሲሄዱ፣ ገና ነው እንዴ ብለው ይጠይቁኛል።

ሁለተኛ፣ ስለ አዲሱ ጋቢዎ። ከሽሮ ሜዳ ገዝተው ሲመለሱ ሊያሳዩኝ ጎራ ስላሉ አክብረውኛል። ያን ጠዋት ላሜራውን በጠመኔ ቁመትና አግድም አስምሬ፣ መስመር ከመስመር በሚገናኝበት ሁሉ ምልክት ልመታ መዶሻዬን እንዳነሣሁ፣ እርስዎ ጋቢውን በደንብ እንዳየው ብለው ላሜራው ላይ አነጠፉት፣ ልስላሴውንም በመዳፍዎ እያሻሹ አሳዩኝ። ጋቢው ሲነሣ መስመሬን በሙሉ ይዞት ተነሣ። በማግስቱ ጋቢዬን አበላሸችብኝ ብለው ለሰው ሁሉ ማሳየትዎን ስሰማ፣ መስመሬ ቀጥ ያለ መሆኑን ቢያንስ ሰው አየልኝ ብዬ ተጽናናሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ እሑዱ ስብሰባ። ቀዳዳ መብሳት ምን ሥራ ሆኖ ነው እንዲህ የምትጎተተው፣ ለሌላ ሰው እንስጠው የሚል ሐሳብ ሊያቀርቡ መሆኑን ሰምቻለሁ። እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ወይዘሮ ዓለሜ ሲወድቁ ከቦዩ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ፤ ጩኸታቸው አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም። ያንን ክዳን በእጄ ሠርቼ፣ እሳቸው ሳይፈሩ ሲቆሙበት ማየት እፈልጋለሁ። ሥራውን ለሌላ ቢሰጡብኝ ከልቤ አዝናለሁ። የቀሩኝ ሁለት ረድፎች ናቸው፤ የደነደኑትንም በጠንካራ ፑንታ ቀስ ብዬ እመለስባቸዋለሁ።

ስለዚህ እስከ ቅዳሜ ድረስ በታችኛው መንገድ እንዲመላለሱልኝ፣ ካልሆነም ትራፓኖው ዝም እስኪል በሩ ላይ ታግሠው እንዲጠብቁኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ዘይት የነካውን አንጓዬን በአክብሮት እንደዘረጋሁ፣ ከመቀመጫዬም እንደተነሣሁ፣
ቦንቱ ነገራ

ደብዳቤው ከተለጠፈ በኋላ ከሥሩ የተጨመረ፦ ዛሬ ጠዋት በደጄ ሲያልፉ ፊትዎን ወደ አጥሩ አዙረው አንድም ቃል ሳይናገሩ መሄድዎን አይቻለሁ። መቀየምዎ በጣም አሳዝኖኛል። ከሁለቱ ረድፎች አንዱ፣ አንድም ቀዳዳ ሳይጎድልበት ተበስቶ አለቀ። እባክዎን እስከ ቅዳሜ እንደተቀየሙ ይቆዩልኝ፤ እሑድ ጠዋት ወይዘሮ ዓለሜን ሽማግሌ አድርጌ እልክብዎታለሁ፣ አዲሱ ክዳን ላይ ቆመው ያስታርቁናል። እስከዚያው እንዳያስቡ፣ እናቴ ዛሬም ደህና ናት።