ውሃ ያልቀመሰ ቡና

ድሻንግ፣ ጥር 19

ውድ ልጄ ሶላንዥ፣

ከሁሉ በፊት ይህን ያዢልኝ፤ የተፈጨ ቡና ከመፍጫው እየዘለለ እጅና ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው አየሩ ሲደርቅ ነው። መንፈስ አያስፈልገውም። ሠላሳ አራት ዓመት ሳይንስ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ይህን አውቃለሁ። ከዚህ በታች የምጽፍልሽን ሁሉ ይህን ሳትረሺ አንብቢው።

ያለ ደብዳቤ በአውቶቡስ የላክሽው የኤሌክትሪክ መፍጫ በታኅሣሥ መጨረሻ ደረሰኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከዱዋላ አንድ ቃል ሳይመጣ መፍጫ ሲመጣ፣ የእናትሽን የእጅ መፍጫ ማዞር እንዳቃተኝ ከሰው ሰምተሻል ብዬ ገመትኩ። ትከሻዬ ነው። አመሰግናለሁ።

በመጀመሪያው ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ቡናው ተነሣብኝ። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ዱቄቱ ወደ እጄ ዘለለ፣ ገለባው ሸሚዜ ላይ ተለጠፈ፣ የቀረው በጠረጴዛውና በግድግዳው ላይ ተበተነ። በደረቅ ጨርቅ ስጠርገው ባሰበት። ክፍል ውስጥ ማበጠሪያ ፀጉሬ ላይ አሽቼ ብጥስጣሽ ወረቀት ሳስነሣ ትዝ ይልሻል? ያው ነው። ዘንድሮ ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ ከንፈር ይሰነጥቃል። ደብተር አወጣሁና እንደ ልማዴ አንድ በአንድ መሞከር ጀመርኩ። ፈጭቼ አሥር ደቂቃ ሳልከፍት ቆየሁ፤ ጥቂት ተሻለው። የፕላስቲኩን መቀበያ በቆርቆሮ ቀየርኩ፤ አሁንም ጥቂት።

በአራተኛው ቀን ግን አንድ ነገር አየሁ። ዱቄቱ ጠረጴዛውን ሁሉ ሸፍኖ አንድ ቦታ ብቻ ትቷል፤ በእናትሽ ወንበር በኩል፣ ክብ፣ የተወለወለ ያህል ንጹሕ። መፍጫውን ወደ ሌላው ጫፍ ወሰድኩት። ክቡ ከቦታው አልተነቃነቀም። ጠረጴዛውን ራሱን አዙሬ አስቀመጥኩት። በማግስቱም ክቡ በወንበሯ በኩል ነበር። በማስመሪያ ለካሁት፤ ሰባት ሴንቲ ሜትር ከአራት ሚሊ ሜትር።

ያን ዕለት ጎረቤታችን ማማ ክሎቲልድ ጨው ልትጠይቀኝ ገባች።

"መምህር፣ ቡና ነው የምትፈጨው ወይስ ግድግዳ ነው የምትለስነው?"

"አየሩ ደርቆ ነው።"

"አየሩማ እኔም ቤት ደርቋል። የኔ ቡና ግን አደብ አለው!"

እየሳቀች ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ክቡን ስታይ ሳቋ ቆመ። ጣቷን ዘርግታ ሳትነካው መለሰችው።

"ውሃዋን ሰጥተሃታል?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"የምን ውሃ?"

"አይ አንተ ሰውዬ! ፊሎሜን ከመፍጨቷ በፊት ጣቷን ነክራ ፍሬው ላይ ትረጭ አልነበር? ሠላሳ ዓመት አብረሃት ስትኖር ምን ታይ ነበር?"

"ደብተር አርም ነበር።"

"እንግዲያ አርም!" ብላ ጨውዋን ሳትወስድ ወጣች።

ማየቱንስ አይቼ ነበር። እንዲያውም አንድ ጊዜ "ፍሬውን አታርጥቢው፣ ብረቱ ይዝጋል" ብላት "ከመቃብር ያለችው እናቴ ሳትቀምስ እኔ አልቀምስም" ብላኛለች። እየረጨች በሹክሹክታ የምትለውም ነገር ነበር። አንድም ቀን ጆሮዬን አልሰጠሁትም።

በማግስቱ የማንኪያ እጀታ ውሃ ውስጥ ነክሬ ፍሬውን አማሰልኩበት። አንዲት ጠብታ ናት። ፈጨሁ፣ ከፈትኩ። ዱቄቱ እንደ ጨዋ ተማሪ ከመቀበያው አልወጣም። ነገሩ ግልጽ ነው፤ እርጥበቱ ከሰበቃ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ሙል ያስቀረዋል። ደብተሬ ላይ "ተፈታ" ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት።

ቀና ስል ጠረጴዛው ሁሉ ንጹሕ ነበር። በወንበሯ በኩል ብቻ፣ በዚያው ቦታ፣ ቀጭን የቡና ቀለበት ተቀምጧል። ኩባያ የተነሣበት ቦታ ይመስላል። እናትሽ ካረፈች ጀምሮ ከምስማሩ ያልወረደውን ኩባያዋን አውርጄ ከላዩ ገጠምኩት። ልክ ሆነ። ሶላንዥ፣ ሦስት ዓመት ተሰቅሎ የኖረ ኩባያ ውስጡ አቧራ ሊኖረው ይገባል። እርጥብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ጠዋት ሆነ። ቀለበቱ አንድም ቀን አልቀረም። ውሃውን እረጫለሁ፤ ከዚያ አፌን ከፍቼ እቆማለሁ። ቃሉን አላውቀውማ።

የምታውቂው አንቺ ነሽ። እግሯ ሥር ተቀምጠሽ ገለባውን ስታነፍሺ ያስተማረችው አንቺን ነው፤ ወራሽ ያደረገችውም አንቺን ነው። ሐዘኑ በተዘጋበት ቀን ውሃዋን ልታፈሺላት ቅሉን ይዘሽ መቃብሯ ራስጌ ስትቆሚ በሰው ሁሉ ፊት ከእጅሽ ነጠቅሁሽ። "ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?" አልኩሽ። ውሃው ጫማዬ ላይ ፈሰሰ፤ ቃሉም አፍሽ ውስጥ ቀረ። የድሮ ተማሪዎቼ ቆመው ያዩ ነበርና ለስሜ ፈራሁ። ከዚያ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። እናትሽን ሳትጠጣ የሰደድኳት እኔ ነኝ፤ አንቺንም ከቤትሽ ያስወጣሁሽ እኔው ነኝ። ይቅር በይኝ።

ዝናብ በመጋቢት ይገባል። አየሩ ሲረጥብ ቡናው ዝም ይላል፤ እኔም "ድርቀት ነበር" ብዬ ራሴን አሳምናለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ መርጨቱንም እተወዋለሁ፤ እሷም እንደ ተጠማች ትቀራለች። ስለዚህ ዝናቡ ሳይቀድምሽ ነይ። መምጣቱ ከከበደሽ ቃሉን ብቻ ጻፊልኝ፤ እንደ ተማሪ አጠናዋለሁ። ቅሉን አጥቤ ወንበሯ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ይህ እንደ ደረሰሽ መልሺልኝ። ዛሬ ባይሆንልሽ ነገ።

አባትሽ ተምጉዋ