ቀዩን እንዳይለጥፉበት

የሄድሽበት መንገድ ሁሉ ይቅናሽ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ የኔ እናት! በሰው አገር እንደምን ከረምሽልኝ? እኛ አለን። የሚያፈሰው ጣራ ተጠግኗል፤ ድመቷም ወልዳ አልጋሽን ወርሳዋለች።

በዓል ስለደረሰ መጋዘናችን ጢም ብሎ ሞልቷል። ድሮ የሚያስቸኩል ዕቃ ብቻ ነበር ቀይ ፕላስተር ተለጥፎበት ቅድሚያ የሚጫነው። አሁን አሻንጉሊቱም ቀይ፣ መጋረጃውም ቀይ ሆኗል። ሾፌሮቹ ከወደብ በገቡበት እግራቸው፣ ወገባቸውን ሳያሳርፉ ተመልሰው ይወጣሉ። ስምሪት የምሰጣቸው ደግሞ እኔው ነኝ።

አባትሽ ባለፈው ከወደብ ሲመጣ የበሩን መቃን ይዞ ቆመ። «ሸለብ አድርጎኝ ብንን ስል፣ ተሳቢው ገደል አፋፍ ላይ ደርሷል» ብሎኝ ሳቀ። መቃኑን ግን አልለቀቀም። አለቃችንን «ባሌ ትንሽ ይረፍልኝ» ብለው፣ «የሌላዋስ ባል አይደክመውም?» አለኝ። ዛሬ ጠዋት በገዛ አፌ «ውጣ» አልኩት። እስካሁን አልደወለም። ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይላል፤ እህል የሚባል አልወርድልሽ አለኝ።

አንቺ ግን ሳትበዪ ከቤት አትውጪ፤ ራስሽንም እንቅልፍ አትንፈጊው።

ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ፣ የደግ ሰው ጎረቤት ያድርግሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ እልክልሻለሁ ያልሽኝ ካፖርት ገና ካልተላከ ይቅርብኝ፣ ብርዱን እችለዋለሁ። ከተላከም ላኪዎቹ ጋ ደውለሽ ቀዩን እንዳይለጥፉበት ንገሪልኝ። ከወደብ የሚያነሳው አባትሽ ነው።