በእኔ ኢቃማ የተነሳው ሳንባ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ደማም፣ አል ሻጢእ

ዛሬ ማዳም ብርጭቆዬንና ማንኪያዬን ለየችብኝ። ትንሿ ልጇ ልታቅፈኝ ስትሮጥም እጇን ይዛ መለሰቻት። ጠዋት ከሆስፒታል ለባሏ፣ ለካፊሌ፣ ማለትም በስሙ ላስመጣኝ አሠሪዬ፣ ተደውሎ ነው። ሲቲ ስካኑ ላይ ሳንባዬ ውስጥ እብጠት ታይቷል አሉት።

ሳንባው ግን የእኔ አይደለም፣ የሰዓዳ ነው። ሰዓዳ የወሎ ልጅ ናት፤ በየመን በኩል ሳዑዲ ገብታ፣ ያለ ወረቀት አል ሙሐመዲያ ሰፈር ውስጥ ሰው ቤት ትሠራለች። ደም ያሳላት ጊዜ ጨነቀኝና እንድትታከምበት ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ሰጠኋት። በኒቃብ ማን ይለየናል ብለን ስቀን ነበር። አሁን ሳቁ ትዝ ሲለኝ ያመኛል።

ነገ ካፊሌ እንደገና ስካን ሊያስነሳኝ ይወስደኛል። እውነቱን ብናገር ኸላስ፣ አለቀልን፣ ሁለታችንም እስር ቤት ነን። ዝም ካልኩ ደግሞ ሳንባዬ ንጹህ ሆኖ ይወጣል። ሐኪሙ የፊተኛው ስህተት ነው ይላል፣ ማዳም አልሐምዱሊላህ ብላ ብርጭቆዬን ትመልስልኛለች፣ ፋይሉም ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያንን እብጠት ማን ይፈልገዋል?

ከአስር ሶላት በኋላ ሰዓዳ ደወለች።

«ከዲጃ፣ እህቴ፣ ውጤቱ ደረሰ?» አለችኝ። ሁለት ጊዜ ሳል አቋረጣት።

ልነግራት ነበር። ግን ሰምታ ሆስፒታል ሮጣ ብትሄድ ሁለታችንንም ታጋልጣለች ብዬ ፈራሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

«ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» አልኳት፤ «ነገ ይነግሩኛል።»

አመነችኝ። ዱዓም አደረገችልኝ።

ነገ የሚነግሩኝ ግን የእኔን ነው።