በማሞቂያው ቀዳዳ የገባችው ሳንቲም

ኤልከርት፣ ብላክ ቡት ካውንቲ፣ አይዳሆ
ዓርብ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.

አሪዞና እህቷ ቤት ለመሸገችው፣ ለውዷ አያቴ ለላቮን፣

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ እንዳታነቢው። ወንበር ሳቢ፣ ውኃ አጠገብሽ አድርጊ፣ መነጽርሽንም ጥረጊ። የያዝኩት ከባድ ዜና ነው። በብላክ ቡት ካውንቲ ለሃያ ዓመት ጸንቶ የቆየው መንግሥት ባለፈው ረቡዕ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ወድቋል። ሰንደቅ ዓላማው ዝቅ አላለም፤ የመስቀያው ገመድ ከበጋ ጀምሮ እንደተቆላለፈ ነው። ሕዝቡም አላለቀሰም፤ ግማሹ አጋዘን አደን ሄዶ ነበር።

አይዞሽ፣ የሞተ የለም። ባልሽ ደህና ነው። ውሻችን ብስኩትም ደህና ነው። እንዲያውም ከምርጫው ወዲህ ጅራቱን ቀስሮ ነው የሚሄደው፤ ለምን እንደሆነ ትደርሺበታለሽ።

መነሻውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። በማርች ወር ባልሽ አባባ ኦርቫል «ለአጥሩ ሽቦ ልገዛ ነው» ብሎ ወጣ። ሽቦም ሳይዝ፣ እንደገና መንገድ ለሚያሠራው የካውንቲው ኮሚሽነርነት ሊወዳደር ተመዝግቦ ተመለሰ። ባለፈውም፣ ከዚያ በፊትም «ይኼ የመጨረሻዬ ነው» ብሎሽ ነበር። አንቺ ደግሞ አልጮኽሽም። ብትጮኺ ይሻል ነበር። ሻንጣሽን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድሽና «የመንገድ ጠጠር ጣውንቴ ሆኖ ሃያ ዓመት ኖርኩ፤ ይበቃኛል። ከዚያ ወንበር የወረድክ ቀን እመጣለሁ» ብለሽው ሄድሽ። እኔ አንድ እግር ካልሲ በእጄ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

«ስምህን ከምርጫው አውጣና ተገላገል» ያልኩት አንዴ ብቻ እንዳይመስልሽ።

«የድራይ ፎርክ ሰዎች ድልድያቸውን እኔን ተማምነው እየጠበቁ ነው» ይለኛል። «እየጠበቀሽ ያለን ሰው ጥለሽ አትሄጂም።»

«አያቴስ አትጠብቅም?» ስለው ምንም ያልሆነውን ትራክተር ሊጠግን ይወጣል። ያ ትራክተር ዘንድሮ ሃያ ጊዜ ተጠግኗል። በጤናው ሊገድለው ነው።

ወጥ ቤቱን አትጠይቂኝ። የታሸገ ባቄላ እያሞቀ ይበላል፤ አንዷን ሰሐን ብቻ እያጠበ ይመልሳታል። ወንበርሽ ላይ ማንም አይቀመጥም። ብስኩት አንድ ቀን ሊወጣበት ሲል የሰማው ንግግር ባልሽ በሃያ ዓመት ውስጥ ካደረጋቸው የምርጫ ንግግሮች ሁሉ ይረዝማል።

ተፎካካሪው ማን እንደነበረች ሰምተሻል? ቬልዳ ክሬን! የትምህርት ቤት አውቶብስ ሹፌሯ ቬልዳ፤ እኔን ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ያወረደችኝ። (አንደኛው አውቶብሱ ውስጥ በለቀቅኳት እንቁራሪት ምክንያት ነው። ሁለተኛውም በእንቁራሪቷ ነው።) በየመንደሩ እየዞረች «ኦርቫል መንገዶቹን በካርታ ነው የሚያውቃቸው፤ እኔ ግን እያንዳንዱን ጉድጓድ በልጆቻችሁ ወገብ ቆጥሬዋለሁ» ስትል ከረመች። ባልሽ ራሱ ሲሰማ ሳቀ። «እውነቷን ነው» አለ። እንዲህ ያለ ተፎካካሪ ታውቂያለሽ?

የምርጫው ቀን ደረሰ። እኔም አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ፣ ኮሌጅን አንድ መንፈቅ ብቻ ቀምሼ የተፋሁ፣ በከብት መኖ ሱቅ ጆንያ የምቆጥር የተከበርኩ ዜጋ ሆኜ ለመጀመሪያ ጊዜ ልመርጥ ወደ ገበሬዎቹ አዳራሽ ገባሁ። ወረቀቱ ላይ ከሁለቱ ስሞች በታች ሌላ ሰው መምረጥ ለሚፈልግ የተተወች ባዶ መስመር አለች። አያቴ፣ አንቺ ነሽ ያሳደግሽኝ። እኔ ባዶ መስመር አይቼ ያለፍኩበት ጊዜ አለ? «ብስኩት» ብዬ ጻፍኩባት። በትልቁ። የአንድ ሰው ድምፅ ምን ያመጣል ብዬ ነው። እጄ ግን ሲጽፍ እንደ ልማዱ እየሳቀ አልነበረም፤ ይኼን ለእህትሽ አትንገሪ።

ማታውን ቆጠሩ፣ በነጋታው ደግመው ቆጠሩ። የካውንቲው ጸሐፊ ታድ ሆልብሩክ ወንበር ላይ ወጥቶ አነበበ።

«ቬልዳ ክሬን፣ ስድስት መቶ አሥራ አንድ። ኦርቫል ስታብስ፣ ስድስት መቶ አሥራ አንድ።» ጉሮሮውን ጠራረገ። «ብስኩት... አንድ። ያልተመዘገበ ስለሆነ አይቆጠርም።»

ከወዲያ ጥግ አንዱ «ብስኩት የየትኛው ፓርቲ ነው?» ሲል ሁሉም በሳቅ ፈነዳ። ባልሽ ብቻ ቀስ ብሎ አንገቱን አዞረና አየኝ። በካውንቲው ውስጥ በዚያ ስም የሚጠራ ፍጡር አንድ ነው፤ እሱም ውጭ የኛ መኪና ውስጥ ተቀምጦ መስኮቱን ይልስ ነበር።

መኪና ውስጥ ብዙ ከሄድን በኋላ፣ «ያ ውሻ መኪና ያባርራል እንጂ መንገድ ጠግኖ አያውቅም» አለኝ።

«አባባ፣ ይቅርታ። ለአንተ ሰጥቼ ቢሆን በአንድ ድምፅ ታሸንፍ ነበር።»

«እኔም ለራሴ ሰጥቼ ቢሆን አሸንፍ ነበር።»

«ምን? ለማን ሰጠህ?»

«ለቬልዳ ነዋ። ሰው ለራሱ ድምፅ አይሰጥም፤ ነውር ነው። አባቴም እንደዚያ ነበር። እኔ ሁልጊዜ ለተፎካካሪዬ ነው የምሰጠው፤ የላቮን ድምፅ የኔን ያካክስልኛል።» ማርሽ ቀየረ። «ዘንድሮ ግን የሚያካክስ አልነበረም።»

ስለዚህ አያቴ፣ ሒሳቡን ተመልከቺው። ከአንድ ቤት ሦስት ድምፅ። አንዱ ለቬልዳ፣ አንዱ ለውሻ፣ አንዱ ደግሞ በፖስታ ሊላክልሽ የነበረው፣ አንቺ እንቢ ብለሽ ያስቀረሽው። ሰውየውን የጣለው ሕዝብ አይደለም፤ የገዛ ጓዳው ነው።

እኩል ሲመጣ ሕጉ ሳንቲም ይጣል ይላል። ረቡዕ ዕለት ፍርድ ቤቱ ሕንጻ ውስጥ ተሰበሰብን። ታድ የእሁድ ክራቫቱን አስሮ፣ ሃያ አምስት ሳንቲሟን እንደ ቅዱስ ነገር በሁለት ጣቱ ይዞ መሐል ወለሉ ላይ ቆመ። ያችን ከወለሉ ሥር ሙቀት የምታወጣ የብረት ፍርግርግ ታስታውሻታለሽ? ልጅ ሳለሁ ማስቲካሽን የከተትኩባት። እሷው አጠገብ።

«ኦርቫል፣ በዕድሜ ትበልጣለህና ምርጫው ያንተ ነው። ዘውድ ወይስ ጎፈር?»

«ዘውድ» አለ። ምን ይላል ሌላ? አንቺን ለዳንስ ማን ይጋብዝ ብሎ ከሌስተር ጋር ሳንቲም ከጣለበት ቀን ጀምሮ ዘውድ ነው የሚለው።

ታድ ወረወረ። ወደ ላይስ አሳምሮ ነው የወረወረው። ሲቀልብ ግን ሳታት፤ ሳንቲሟ ወለሉ ላይ ነጥራ፣ በጠርዟ ተንከባለለች፣ ተንከባለለች፣ ቀጭ ብላ በፍርግርጉ ገባች።

«አሁንስ?» አለች ቬልዳ።

ታድ ወረቀቱን ገለጠ። «ወለል ውስጥ ብትገባ የሚል የለም እዚህ።»

ባልሽ ባትሪ ተቀበለና ጉልበቱን እያንቋቋ ወረደ። ፊቱን ፍርግርጉ ላይ ለጥፎ ቆየ። በጣም ቆየ። አንድ ሳንቲም ለማየት ይኼን ያህል ጊዜ የፈጀ ሰው አላየሁም። ከዚያ ተነሳና ሱሪውን አራገፈ።

«ጎፈር ነው። ቬልዳ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። የድራይ ፎርክን ድልድይ አደራ።»

«ኦርቫል፣ እርግጠኛ ነህ?»

«ዓይኔ ካንቺ አውቶብስ መስታወት ይሻላል።»

ታድ ግን ሁለተኛ ምስክር ያስፈልጋል አለ። የሱ ወገብ አይታጠፍም፤ የቬልዳ ዳሌ ብረት ገብቶበታል። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ተኛሁና ባትሪውን አበራሁ። ሳንቲሟ አቧራው ላይ ጥርት ብላ ጋደም ብላለች። የባልሽ ጫማ ጆሮዬ አጠገብ ነበር። ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገኝ።

አያቴ፣ አሁን አንድ የቆየ ወንጀል ልናዘዝ። በካርታ ጨዋታ እኔና እሱ ሁልጊዜ የምናሸንፍሽ ጎበዞች ሆነን አይደለም። ከጠረጴዛው ሥር በጫማው ሁለት ጊዜ መታ ካደረገኝ «ያየሽውን ዋጪ» ማለት ነው።

«ጎፈር» አልኩ።

«ይቺ ናት ምስክሯ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ይቺ ልጅ ከተወለደች እውነት ተናግራ አታውቅም» አለች ቬልዳ፣ «ግን በገዛ አያቷ ላይ ምን ብላ ትዋሻለች?»

ታድ ሳንቲሟን በማስመሪያ ጫፍ ማስቲካ ለጥፎ ሊያወጣ ሞከረና ገፍቶ ወደ ጨለማው ሰደዳት። ከዚያ ማኅተሙን መታ። የሃያ ዓመት መንግሥት በዚህ አለቀ። ቬልዳ ባልሽን ስታቅፈው እሱ ጀርባዋን ቸብ ቸብ አድርጎ፣ በጆሮዋ የትኛው ጉድጓድ አስቸኳይ እንደሆነ ይነግራት ነበር። መቼም አይተውም።

ስንመለስ እህል ጎተራው ጋ ማፏጨት ጀመረ። ባልሽ ሲያፏጭ ከማርች ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

«አባባ፣ ምን ነበር ያየኸው?»

«አንቺ ያየሽውን።»

«እና ለምን ያኔውኑ አልተውከውም ነበር?»

«ለስድስት መቶ አሥራ አንድ ሰው ‹ተውኳችሁ› ብሎ ፊት ለፊት መናገር አልችልም። በሳንቲም ግን ማንም አይቀየምም።»

ከዚያ ከተማው መውጫ ላይ መኪናውን አቁሞ ሱቅ ገባ። ምን ይዞ የወጣ ይመስልሻል? የአጥር ሽቦ። ስምንት ወር ዘግይቶ። ትናንት ቀኑን ሙሉ አጥሩን ሲወጥር ዋለ፤ ትራክተሩም እፎይ ብሎ አረፈ።

ፍርግርጉ ሥር ምን እንዳየሁ አልጽፍልሽም። ያየነው እኔና እሱ ብቻ ነን። እኔን ብትጠይቂኝ እዋሽሻለሁ፤ ሥራዬ ነው። እሱን ግን ፊት ለፊት ተቀምጠሽ ጠይቂው። አንቺን በዓይን እያየ መዋሸት አይችልም፤ ለዚህ ነው ያኔም ሽቦ ልገዛ ነው ሲል ጫማውን እያየ የተናገረው። እኔም እግሬን ከጠረጴዛው ሥር አርቄ እቀመጣለሁ።

የምስጋና ቀን የፊታችን ሐሙስ ነው። ምድጃውን ሊያጸዳ ሞክሮ ቤቱን በጭስ ሞላው፤ እንግዳ እንደሚጠብቅ አልነገረኝም። ይህን ስጽፍም ሦስት ጊዜ በአጠገቤ አለፈ። መጀመሪያ መቀስ ፈልጎ፣ ቀጥሎ መቀሱን ሊመልስ፣ አሁን ደግሞ «ቴምብር አለሽ?» ሊለኝ።

እግዜር መንገድሽን ያቅናው፤ መንገዱ ላይ ያሉትን ጉድጓዶች ደግሞ ቬልዳ ትድፈን። እህትሽን ሳሚልኝ። ዕድሜሽ እንደ ባልሽ ምላስ ይርዘም።

እና አያቴ፣ መግቢያው ላይ ላስደነገጥኩሽ ይቅር በይኝ። አሁን ደግሜ ሳነበው ያን ያህል የሚያስጽፍ ነገር የለውም። መንግሥት ወደቀ ያልኩሽ ሁሉ ተደምሮ ሃያ አምስት ሳንቲም ነው።

የምትወድሽ፣
ታንሲ
(የብስኩት የምርጫ ዘመቻ ኃላፊ)