ገመዱን ማን ይያዝ

ግንቦት 22 ቀን 1980 ዓ.ም.
ቡሬ አጠገብ፣ ከሰፈራችን

ዛሬ ከቀትር በኋላ ደመናው ወርዶ ካፊያ ጣለ። ማኅበሩ ጎተራ ተሰብስበን ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ላቀው፣ ቄስ ወልደ ገብርኤል፣ ጎረቤታችን እናኑና ሌላም ብዙ ሰው ነበር።

ለልጄ ለሲሳይነሽ፣ አዴት ምርምር ጣቢያ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴን ብቻ ብርድ ይይዘኛል።

የላክሽው ወረቀት ደረሰ። በቆሎ ከሚበተን በገመድ እየተለካ በመሥመር ቢዘራ ይሻላል የሚለውን የማኅበሩ ጸሐፊ አነበበልን። አምና እዚሁ የግብርና ሠራተኛችን ሆነሽ ስትነግሪን የሳቁት ዛሬም ሳቁ።

«ገመድ ለላም እንጂ ለበቆሎ አይታሰርም» አለ ላቀው።

«ያንተ በቆሎ ስላልታሰረ ነዋ ጎረቤት ማሳ ገብቶ የሚያድረው» አለችው እናኑ። ራሱ ላቀውም ሳቀ።

ኋላ ግን የልቡን ተናገረ። «ባልና ሚስት ብቻ ባሉበት ቤት ገመዱን ማን ይያዝ? ማን ይቆፍር? ዘሩንስ ማን ይጣል? ወረቀቱ ስለ ዘሩ እንጂ ስለ ሰው አይናገርም። ባይበቅልስ ለመሬቱ ባለቤት ማን ቀለብ ይሰፍርለታል?» እውነቱን ነው፤ አትቆጪ።

ቄስ ወልደ ገብርኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ነገ ጊዮርጊስ ነው። ለራስ አይሠራም። ለአቅመ ደካማ ግን አገሩ ቢወጣ ጽድቅ ነው፤ እጅም አይጠፋም» አሉ።

አቅመ ደካማ ነኝ ብሎ የሚነሣ ጠፋ። አባትሽ ከሞተ ወዲህ በዚያ ስም እንዳልጠራ እንዴት እንደኖርኩ አንቺ ታውቂያለሽ። በሬውን አምጥቶ ላረሰልኝ ሰው እንኳ ማሳውን አርሜ ነው ብድሩን የምመልሰው። ተነሣሁና «ደካማዋ እኔ ነኝ። በወንዙ ዳር መሬቴ ላይ ሥሩ» አልኩ።

ላቀው አንገቱን ደፋ። «እትዬ፣ እሱ እኮ ያለዎት መሬት ሁሉ ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

አንቺ በዚህ አታስቢ። ጎመን አለ፤ እናኑም አለች። ሌላ ገመድ የለኝምና በተውሽልኝ መለኪያ እንጨት እየለካሁ የላሟን ገመድ ዘር በሚጣልበት ልክ ቋጥሬዋለሁ። ሥራ እንዳለሽ አውቃለሁ፤ ነይ አልልሽም። በቆሎው ሲያሽት ግን መሥመሩ ልክ ይሁን አይሁን አንቺ ካላየሽው ማን ይነግረናል?

ጊዮርጊስ በሄድሽበት ይቅደምልሽ፤ የሰው ፊት ያሙቅልሽ።

እናትሽ ያይኔአበባ

ግንቦት 23፣ ደብዳቤውን ሳልሰደው፤

ዛሬ ጠዋት ሰማዩ ጠርቷል። ከቅዳሴ መልስ ላሟን እናኑ በረት አስገባሁና ገመዱን ይዤ ወደ ማሳው ወረድኩ። ሰዉ ዶማውን ይዞ ቀድሞኛል። ላቀው የገመዱን ጫፍ ከእጄ ተቀበለኝ። እኔ ዘሩን ላነሣ ጎንበስ ስል ቄስ ወልደ ገብርኤል «ተይው ልጄ፣ መሬቱ ያንቺ ነው፤ ላንቺ በዓል ነው» አሉኝ። ዘሩን አስቀመጥኩት። ዳር ወጥቼ፣ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።